«ኢኩዊቲ»ን እያቆምኩ ሳይ አይፒኦ እንዴት ገባኝ

ሰሞኑን ደስ ያለኝን ነገር ላካፍላችሁ። አንድ ኩባንያ አክሲዮኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ሲሸጥ፣ ማለትም አይፒኦ ሲያደርግ፣ ዋጋው እንዴት እንደሚቆረጥ በመጨረሻ ገባኝ። ያስገባኝ ደግሞ ኮርስ ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው «ኢኩዊቲ» የተባለው ፊልም ነው።

ላላያችሁት፣ ዳይሬክተሯ ሚራ ሜነን ናት። አና ገን የምትጫወታት ናኦሚ በዎል ስትሪት ባንክ ውስጥ ኩባንያዎችን ወደ አክሲዮን ገበያ ታወጣለች። ያለፈው ሥራዋ አልሰመረም፣ የጠበቀችው እድገትም ቀርቶባታል። አሁን በእጇ ያለው ካሼ የሚባል የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያ ነው። ከሥሯ እርግዝናዋን ደብቃ ለእድገት የምትለፋው ኤሪን አለች። ከውጭ ደግሞ ዐቃቤ ሕጓ ሳማንታ ትከታተላለች። መጨረሻውን አልነግራችሁም።

ጀማሪ ሳለሁ ቃላት እየሸመደድኩ ነበር። አክሲዮን፣ ፕሮስፔክተስ (ኩባንያው ስለ ራሱ ለገዢዎች የሚያወጣው ሰነድ)፣ ሮድ ሾው (ከሽያጩ በፊት ለትልልቅ ገዢዎች የሚደረገው ገለጻ)፣ ሁሉንም። በኔ እምነት ይሄ ጊዜ ማባከን ነው። ቃሉ የሚያዘው ሰው ሲከራከርበት ሲታይ ነው።

ብዙ ያቆየኝ ዋጋው ነው። ባንኩ መሀል ላይ ነው የቆመው። ሻጩ ኩባንያ በውድ እንዲሸጥለት ይፈልጋል። ገዢዎቹ፣ ማለትም የሰው ገንዘብ ሰብስበው አክሲዮን የሚገዙት ትልልቆቹ ፈንዶች፣ በርካሽ መግዛት ይፈልጋሉ። ኩባንያው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሸጠው አንዴ ብቻ ነው፣ ፈንዶቹ ግን ለሚቀጥለውም ለዚያ ወዲያውም ሽያጭ ተመልሰው የሚመጡ ደንበኞች ናቸው። ታዲያ ባንኩ ለማን ያደላል?

ከፊልሙ ወጥቼ ሁለት እውነተኛ ሽያጮችን ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። ሊንክድኢን በሜይ 2011 በ45 ዶላር ተሸጠ፣ የመጀመሪያውን ቀን ገበያ በ94.25 ዘጋ። ፌስቡክ በሜይ 2012 መነሻው ላይ ከ28 እስከ 35 ዶላር ተብሎ ነበር፤ ፍላጎት አለ ተብሎ ወደ 34–38 ከፍ ተደረገ፣ የሚሸጠው አክሲዮን ብዛትም ጨመረ፣ 38 ላይ ተቆረጠ። በሴፕቴምበር መጀመሪያ ከ18 ዶላር በታች ወርዶ ነበር። ሰው የመጀመሪያውን ስኬት፣ ሁለተኛውን ውድቀት ይለዋል። እኔ ግን እዚህ ጋ ነው የተጣበቅኩት። በሊንክድኢን በአንድ አክሲዮን ወደ 49 ዶላር የሚሆነው ልዩነት ለሻጩ ሳይሆን ቀድሞ ለገዛው ደረሰ። በፌስቡክ ደግሞ ሻጩ ያገኘው ገዢዎቹ ሊከፍሉ የሚችሉትን ያህል ነው። ለማን ነው የተሳካው?

ይሄን ካየሁ በኋላ ናኦሚ ስለ ዋጋ የምታወራባቸው ትዕይንቶች ሌላ ሆኑብኝ። ዋጋው ከስሌት ብቻ አይወጣም። ስንት ፈንድ በስንት ዋጋ ምን ያህል እንደሚፈልግ በሮድ ሾው ይሰበሰባል፣ ከዚያ ሰው ተቀምጦ ይወስናል። ዋጋው ቢወድቅስ? ባንኩ ከተባለው ብዛት በላይ እስከ 15 በመቶ ተጨማሪ አክሲዮን ይሸጣል። ዋጋው ከወረደ ያንን ከገበያ መልሶ እየገዛ ለመደገፍ ይሞክራል፣ ከወጣ ደግሞ ከኩባንያው በመሸጫው ዋጋ ይወስዳል። ግሪንሹ የሚሉት ይሄ ነው፣ እኔ በጣም የወደድኩት ክፍል።

ዘዴዬ ቀላል ነው፣ አጥብቄም እመክራለሁ። ፊልሙን ገንዘብ በተነሳ ቁጥር አቁሙት። ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉና ዋጋው ቢወጣ የሚጠቀመውን በአንድ በኩል፣ ቢወርድ የሚጠቀመውን በሌላው ጻፉ። የናኦሚ ስም የት እንደሚገባ ስትፈልጉ ትለፋላችሁ፣ ትምህርቱም እሱ ነው። ከዚያ የእውነተኛ ኩባንያ ፕሮስፔክተስ ውስጥ ስጋቶች የተዘረዘሩበትን ክፍል አንብቡ። የማበረታቻ ቪዲዮዎችን ተዉአቸው፣ እኔን ምንም አልጠቀሙኝም።

እውነቱን ለመናገር የሳማንታ ክፍል እስካሁን ይከብደኛል። የውስጥ መረጃ፣ ማለትም ለሕዝብ ያልወጣ የኩባንያ ምስጢር፣ ማውራት መቼ ነው ወንጀል የሚሆነው? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1983 በዲርክስ ጉዳይ መረጃውን ያወጣው ሰው የግል ጥቅም አግኝቶ እንደሆነ መታየት አለበት አለ። ፊልሙ በወጣበት ዓመት ዲሴምበር ላይ ደግሞ በሳልማን ጉዳይ፣ ለሚገበያይበት ዘመድ መረጃ በስጦታ መልክ መስጠት ብቻ ይበቃል፣ ገንዘብ መቀበል የግድ አይደለም ብሎ ወሰነ። አሁን ፊልሙን እንደገና የማየው እነዚህን ሁለቱን ይዤ፣ በየንግግሩ ማን ለማን ምን እንደነገረ እየጻፍኩ ነው። ከእናንተ በዚህ በኩል የገፋ ካለ ከየት እንደጀመረ ይንገረኝ።