የጎደሉት ሁለት ክሮሞዞሞች

ለሁለተኛ ዲግሪዬ የአምባዛ ክሮሞዞም፣ ማለትም በሕዋሱ ውስጥ የዘር መረጃ የያዙትን ክሮች፣ እቆጥር በነበረበት ዓመት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ተከራዮቹ ሁሉ እማማ የምንላቸው አከራዬ ጆንያው ውስጥ የሚንፈራገጠውን ሲያዩ፣ «ቅርፊት የሌለውን ዓሣ ነው እንዴ? ልጄ፣ እኔ ቤት አይበላም!» አሉኝ። የምፈልገው ኩላሊቱን እንደሆነ ስነግራቸው ደግሞ አማተቡ። እሺ ያሉት ግቢ ውስጥ፣ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ፣ ያውም ለአንድ ሌሊት ብቻ ነበር።

ዓሣዎቹን ከአዋሽ ወንዝ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ በአውቶቡስ ነበር ያመጣኋቸው። ቆሮሶ ቢሆን ጭሮ ሳንደርስ በሞተ። አምባዛ ግን ከስንጥቡ ሌላ ከአየር የሚተነፍስበት፣ የዛፍ ቅርንጫፍ የመሰለ አካል ስላለው ቆዳው እስካልደረቀ ድረስ ለሰዓታት ይቆያል። ቁልቢ ላይ ብርዱ ረዳኝ። ከደንገጎ ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ ሲበረታ ግን የምጠጣውን ውሃ ጆንያው ላይ ጨረስኩት። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ እስክንደርስ ድረስ አላናገሩኝም።

ሥራው በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ዓሣው ኮልቺሲን ይወጋል፤ መድኃኒቱ ሕዋሳቱን በመከፋፈል ላይ እንዳሉ ያቆማቸዋል። ከዚያ የኩላሊቱ የፊት ክፍል ተወስዶ 0.075 ሞላር በሆነ የፖታሲየም ክሎራይድ ውሃ ውስጥ ይገባና ሕዋሳቱ ያብጣሉ። ሦስት እጅ ሜታኖል በአንድ እጅ አሴቲክ አሲድ ባሉበት ካጸናቸው በኋላ ስላይድ ላይ ተንጠባጥበው ጊምዛ በሚባል ማቅለሚያ ይቀለማሉ።

የድሬዳዋ አየር ግን ጠብታውን ወዲያው ያደርቀዋል። ክሮሞዞሞቹ ለመዘርጋት ጊዜ አጥተው እንደ ተቋጠረ ክር ተጠቅልለው ይቀራሉ። አንድ ሳምንት በከንቱ ከደከምኩ በኋላ የላቦራቶሪው አንጋፋ ባለሙያ፣ ጋሼ የምንላቸው፣ የሻይ ማንቆርቆሪያ ጣዱልኝና፣ «ስላይድሽን እንፋሎቱ ላይ ያዢው» አሉኝ። እውነትም ተዘረጉ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ አበዛሁት።

የአዋሹ አምባዛ 56 ክሮሞዞም ሊኖረው ይገባል። እኔ 54 ቆጠርኩ። ሌላ ሕዋስ ላይም 54። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሄቴሮብራንከስ ሎንጊፊሊስ የሚባለው የአምባዛ ዘመድ 52 አለው፤ ሁለቱ ሲዳቀሉ የሚወለደው ደግሞ ልክ 54 ነው! በአእምሮዬ የጽሑፉን ርዕስ ሳይቀር ጨርሼው ነበር።

ሦስተኛው ቀን ላይ ረጋ አልኩ። ያ ዘመድ በአገራችን የሚታወቀው በባሮና በኦሞ ነው፤ አዋሽ ምን ሊሠራ ይመጣል? ደግሞም የእውነት ዲቃላ ቢሆን አብዛኞቹ ሕዋሳት 54 መሆን ነበረባቸው፤ የእኔ ግን 55ም፣ 53ም፣ 51ም ነበሩ። እንፋሎቱ ሕዋሳቱን ከልክ በላይ ዘርግቶ ክሮሞዞሞቹን እየበተነብኝ ኖሯል።

እንፋሎቱን ቀነስኩ። አሁን ደግሞ ዓይኔ 56ን ብቻ መፈለግ ጀመረ፤ 55 ላይ ስደርስ አንዷን ጥላ እንኳ ክሮሞዞም ለማድረግ ይዳዳኛል። የሰው ልጅ ክሮሞዞም እ.ኤ.አ. ከ1923 ጀምሮ 48 ነው ተብሎ ተመራማሪዎቹ ቲዮና ሌቫን በ1956 46 መሆኑን እስኪያሳዩ ድረስ ስንት ጠንቃቃ ሰው 48 ቆጥሯል! ስለዚህ ፎቶዎቹን ቁጥሩን ሳልናገር ለጋሼ ሰጠኋቸው። እርሳስ ይዘው አንድ በአንድ እየሰረዙ ቆጠሩ። አብዛኛው 56 ወጣ። ሠንጠረዤ ላይ ግን 51ንም አስገባኋት።

ማታ ለእማማ ነገርኳቸው። «ለ56 ነው ይህ ሁሉ?» አሉና ሳፋውን በእግራቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ውሰጂው፤ እኔ ከእንግዲህ ልብስ አላጥብበትም።» እስከ ዛሬ ቤቴ አለ።