አስቸኳይነትን ማስረዳት፦ ከኮምቦልቻ የሥራ ክርክሮች የተማርኩት

ሰሞኑን ተከሳሹ ከመሰማቱ በፊት ጊዜያዊ የእግድ ትዕዛዝ (ፍርድ እስኪሰጥ ንብረት እንዳይሸሽ የሚከለክል) ያስገኘ አቤቱታ ጻፍኩ። ለረጅም ጊዜ የደከምኩበት ነገር ስለሆነ በጣም ደስ ብሎኛል። በዚሁ መንገድ ላይ ላላችሁ ባልደረቦቼ ያገኘሁትን ላካፍል።

የምኖረው ደሴ ነው፤ የምይዘው ግን በአብዛኛው የኮምቦልቻ ሠራተኞችን ጉዳይ ነው። ስለ ጅማሬው ብዙ አልናገርም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ደጋግሞ ማንበብ፣ የይርጋ ጊዜዎችን፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያ ገደቦችን መያዝ (ወደ ሥራ ለመመለስ 3 ወር፣ ለደመወዝና ለትርፍ ሰዓት ክፍያ 6 ወር)፣ የክስ ማመልከቻ መጻፍ በትጋት ይለመዳል። የፈተነኝ አስቸኳይነትን ማስረዳት ነው።

አዋጁ የሥራ ክርክር ችሎት በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ያዛል። ስለዚህ ዳኛው «ሕጉ ራሱ አፍጥኖላችኋል፤ ለምን አትጠብቁም?» ብለው ቢጠይቁ ተገቢ ጥያቄ ነው። ደመወዙ የተያዘበት ሠራተኛ የቤት ኪራይ ይወዘፍበታል፣ ልጆቹ ይቸገራሉ። ይህ ያንገበግባል፤ ሆኖም ለእግድ ብቻውን አይበቃም። መልስ የሚሻው ጥያቄ ከዛሬ እስከ ውሳኔው ድረስ ምን ይጠፋል የሚለው ነው። አሠሪው ንብረቱን ካሸሸ፣ ኮምቦልቻ ላይ በምሽት የተጫነ ማሽን ሲነጋ ደብረ ብርሃንን አልፎ ይሄዳል። የሠራተኛ ክፍያ ከሌሎች ዕዳዎች ቀዳሚ መሆኑን አዋጁ ቢደነግግም፣ የሚያዝ ንብረት ከሌለ ቅድሚያው ምን ይረባል?

እዚህ ላይ ስለ እግድ የሚደነግገውን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉን ቁጥር 154 በጥንቃቄ አንብቡ። የመጀመሪያው ክፍል የሚናገረው ክርክር ስለተነሣበት ንብረት ነው። እኛ የምንከራከረው ስለ ደመወዝ እንጂ ስለ ማሽኑ አይደለም። የሚጠቅመን ሁለተኛው ክፍል ነው፤ ተከሳሹ ባለገንዘቦችን ለመጉዳት ንብረቱን ሊያሸሽ ወይም ሊያስተላልፍ ማሰቡን የሚመለከተው። ቁጥር 151ም ከፍርድ በፊት ንብረት ስለማስከበር ይናገራል።

ማስረጃው ላይ ነው ብዙ ጊዜ ያጠፋሁት። «ማሽን እየወጣ ነው ይባላል» የሚል ቃለ መሐላ ዋጋ የለውም። የጫነው የቀን ሠራተኛ፣ በሩን የከፈተው ጥበቃ፣ የዕቃ መውጫ ወረቀቱን ያየው የንብረት ክፍል ሠራተኛ በራሱ ስም ያየውን ይናገር፦ በየትኛው ቀን፣ ከየትኛው ክፍል፣ በምን ዓይነት መኪና። ችግሩ ገና በሥራ ላይ ያለ ምስክር ይፈራል፤ ቢፈራም አይፈረድበትም። እኔ የአዋጁን አንቀጽ 26 አነብለታለሁ፤ በአሠሪው ላይ በተጀመረ የፍርድ ቤት ክርክር መሳተፍ ለስንብት በቂ ምክንያት እንደማይሆን በግልጽ ይደነግጋል። ይህን ሰምቶም እምቢ ካለ አላስገድደውም፤ ሥራውን ቀድሞ የለቀቀ ሰው እፈልጋለሁ።

ቀጥሎ ቀኑ ይመጣል። ደንበኞቼ ወሬውን መቼ እንደሰሙ፣ መቼ እንዳረጋገጡና መቼ ወደ እኔ እንደመጡ በተከታታይ እጽፋለሁ። ለወራት እያወቀ ዝም ያለ ሰው ዛሬ «አስቸኳይ» ቢል ማን ያምነዋል? ዘግይተው ከሆነም ምክንያቱን ዳኛው ከመጠየቃቸው በፊት አስቀምጠዋለሁ።

የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 156 በመርህ ደረጃ ሌላው ወገን አስቀድሞ እንዲያውቅ ያዛል፤ የሚቀረው መዘግየቱ የእግዱን ዓላማ የሚያከሽፍ ሲሆን ነው። ስለዚህ ተከሳሹ መጥሪያ ቢደርሰው ምን እንደሚያደርግ በአቤቱታው ውስጥ ለብቻው አሳዩ። አማራጭ አድርጋችሁም አጭር ቀጠሮ ጠይቁ። ትዕዛዙ በቁጥር 157 ሊነሣ ስለሚችል ደንበኛችሁን የሚጎዳውን እውነትም አትደብቁ።

በፍርድ ቤት ደጃፍ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚገለበጠውን «ከፍተኛና የማይተካ ጉዳት ስለሚደርስብን» የሚል ዓረፍተ ነገር አጥብቄ እቃወማለሁ። ለሁሉም ጉዳይ የሚሆን ቃል ለአንዱም አያስረዳም። ሠራተኛው ላቡን ያፈሰሰበት ገንዘብ ነው፤ ስለ እሱ ብቻ የተጻፈ ገጽ ይገባዋል።

አሁንም የሚከብደኝ እንዲያዝ የምጠይቀውን ንብረት ዋጋ መገመት ነው። ሠራተኞቹ ማሽኑን በዓይነቱና በቁጥሩ ያውቁታል፣ ዋጋውን ግን አያውቁም። ለጊዜው የቆዩ መካኒኮችን እየጠየቅሁ ግምቱን ከነስሌቱ እጽፋለሁ። የተሻለ ዘዴ የምታውቁ ካላችሁ አካፍሉኝ፤ የሚቀጥለው አቤቱታዬ ይህን ይፈልጋል።