ካርዱን ባጠፋውም አሮጌው ሲስተም ተመልሶ መጣ

ስልክ አጉል ልማድ አስተምሮናል። በአንዲት ሰሌዳ ላይ የተሠራችው ትንሿ ራስበሪ ፓይ 4 ኮምፒውተሬ በሙከራ ብዛት ተዝረክርካ፣ አንዱን ፕሮግራም ሳስተካክል ሌላው እየተበላሸ ሲያስቸግረኝ፣ መጀመሪያ የፈለግሁት ሁሉን ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ የሚመልስ ቁልፍ ነበር። ሰሌዳዋን ገልብጬ አየሁ፤ ምርጫዎቹን አንድ በአንድ በረበርሁ። የለም። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም፣ ቅንብሩም፣ ፋይሎቹም ያሉት ሰሌዳዋ ላይ ሳይሆን ማይክሮ ኤስዲ ካርዱ ላይ ስለሆነ፣ መመለስ ማለት ካርዱን እንደ አዲስ መጻፍ ነው። እንዲህ ነበር የገባኝ፤ ግማሹ እውነት ነበር።

የግል ፎልደሬን ወደ ላፕቶፔ ገልብጬ ካርዱን አወጣሁና ራስበሪ ፓይ ኢሜጀር በተባለው ፕሮግራም ጻፍሁበት። ፕሮግራሙ ከመጻፉ በፊት የኮምፒውተሩን ስም፣ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል፣ ዋይፋይ፣ እንዲሁም ከርቀት ለመግባት የሚያስችለውን ኤስኤስኤች ይጠይቃል። ይህን መዝለል አያዋጣም። ከሚያዝያ 2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ በቅድሚያ ተዘጋጅቶ ይመጣ የነበረው «ፓይ» የተባለው ተጠቃሚ ቀርቷል። ስለዚህ እንደ እኔ ያለ ስክሪንና ያለ ኪቦርድ የሚሠራ ሰው እዚህ ላይ ካልሞላ በኋላ በር ላይ ይቀራል።

ካርዱን መለስሁ፣ ኮምፒውተሯን አስነሳሁ፣ ከላፕቶፔ ገባሁ። የተቀበለኝ ያው የድሮው ዝርክርክ ነው! ፋይሎቼ እንዳሉ፣ የተበላሹት ፕሮግራሞችም እንደተበላሹ። ጽሑፉ አልያዘም ብዬ ደገምሁት። ደግሞም ያው።

ያመለጠኝ ምልክት ነበር። ሲስተም እንደ አዲስ ሲጫን የኤስኤስኤች መለያ ቁልፉም አዲስ ስለሚሆን፣ ላፕቶፔ «ይህ የማውቀው ኮምፒውተር አይደለም» ብሎ መጮህ ነበረበት። እርሱ ግን በአሮጌው የይለፍ ቃል ጸጥ ብሎ አስገባኝ። እኔም ጸጥታውን እንደ ደህንነት ቆጠርሁት።

ነገሩ የተገለጠልኝ ጎኗ ላይ የተሰካው ፍላሽ ዓይኔ ውስጥ ሲገባ ነው። ከዓመት በፊት ካርዱን ወደዚያ ፍላሽ ገልብጬ፣ መጀመሪያ ከዩኤስቢ እንድትነሳ አዝዣት ነበር፤ ከዚያ ረሳሁት። ዓመቱን ሙሉ የምትነሳው ከፍላሹ ኖሯል፤ እኔ በጥንቃቄ ያጠፋሁት ማንም የማይኖርበትን ቤት ነው። ትእዛዙ ደግሞ ካርዱ ላይ አልነበረም። በራስበሪ ፓይ 4 የማስነሻው ፕሮግራምና ቅደም ተከተሉ የሚቀመጡት ሰሌዳዋ ላይ ባለች ኢኢፕሮም በተባለች ቺፕ ስለሆነ፣ ካርድ መቶ ጊዜ ቢጻፍ አትነካም።

ፍላሹን ነቅዬ፣ በሌላ ትርፍ ካርድ ላይ ከኢሜጀሩ የቡትሎደሩን (የማስነሻውን ፕሮግራም) ማደሻ፣ ቅደም ተከተሉን ከካርድ እንዲጀምር የሚመልሰውን፣ ጽፌ በእርሱ አስነሳኋት። አረንጓዴዋ መብራት ሳታቋርጥ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ስትል ሥራው አልቋል ማለት ነው። ከዚያ ዋናውን ካርድ መለስሁ። ላፕቶፔ በዚህ ጊዜ ቁልፉ ተቀይሯል ብሎ አላስገባም አለኝ። በማስጠንቀቂያ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው። አሮጌውን ቁልፍ ከላፕቶፑ መዝገብ ሰርዤ ገባሁ፤ ባዶና ንጹሕ ሆና አገኘኋት።

በማግስቱ የክፍሉን ሙቀት በየሰዓቱ የሚመዘግበው ፕሮግራሜ አንድም ቁጥር አልጻፈም። ፕሮግራሙን መልሼዋለሁ፤ በየሰዓቱ የሚቀሰቅሰው የክሮን መርሐ ግብር ግን የሚቀመጠው ከግል ፎልደሬ ውጭ ስለሆነ አልገለበጥሁትም ነበር። እዚህ ላይ ዝንጋታዬ ካሰኝ፤ አሮጌው ሲስተም ፍላሹ ላይ እንዳለ አለ። ኮምፒውተሯ ከተነሳች በኋላ ሰካሁትና መርሐ ግብሩን አወጣሁ። ሦስት መስመር ናት። ፍላሹን ገና አላጠፋሁትም፤ ላዩ ላይ ግን «ሲስተም አለበት» የሚል ወረቀት ለጥፌበታለሁ።