የመሳሳት ዋጋ

ችግር ሰውን ያጠነክራል፣ ድሎት ያልፈሰፍሳል የሚለው አነጋገር በችግር ያደገ ሰው በልቡ ሸሽጎ የሚይዘው መጽናኛ ነው። ያጣውን ሁሉ ሲቆጥር ቢያንስ ጥንካሬን አትርፌአለሁ ብሎ ማሰብ ይወዳል፤ ተመችቶት ያደገውን ሰው ሲያይ ደግሞ ገንዘብ እንጂ ወኔ እንደሌለው ለራሱ ይነግራል። ከባለቤቴ ጋር መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ግን ይህ መጽናኛ በዓይኔ የማየውን ነገር ሊያስረዳልኝ አልቻለም። እሷ ያደገችው ሁሉ በሞላበት ቤት ነው፤ እኔ ያደግሁት የወሩ መጨረሻ በተቃረበ ቁጥር የእናቴ ድምፅ በሚለወጥበት ቤት ነው። አባባሉ እውነት ቢሆን ኖሮ ያልታሰበ ነገር ሲመጣ መርበትበት የነበረባት እሷ ነበረች። ነገር ግን የለመደችውን ሥራ ትታ የራሷን ለመጀመር በወሰነችበት ሰሞን እሷ ተኝታ ስታድር፣ እንቅልፍ አጥቼ ሒሳብ ሳሰላ የማድረው እኔ ነበርኩ።

እሷ ደፋር፣ አንተ ፈሪ ናችሁ ብሎ ነገሩን መዝጋት ይቻላል። እኔ ግን የባሕርይ ጉዳይ አይመስለኝም። ሁለታችንን የለየን በልጅነታችን አንድ ስህተት ያስከፍል የነበረው ዋጋ ነው። በእሷ ቤት የጠፋ ይተካል፣ የተሰበረ ይጠገናል፣ የጀመሩት ትምህርት ካልተስማማ በሌላ ይለወጣል። በእኛ ቤት ግን ጫማ ሲጠፋ ጫማ ብቻ አይጠፋም ነበር፤ የእህቴ ደብተር መግዣ አብሮ ይሄዳል፣ ለኪራይ የተቀመጠው ይነካል፣ እናቴም ከአንድ ሰው ደጅ ብድር ለመጠየቅ ትገደዳለች። ወላጆቼ ጨካኞች አልነበሩም፤ በእኔ ላይ እጃቸውን ያነሱበትንም ቀን አላስታውስም። ቁጣ አያስፈልግም ነበር። ገንዘቡ አንድ ስለነበረና የሚጠብቁት ቀዳዳዎች ብዙ ስለነበሩ፣ የእኔ ግዴለሽነት ማንን እንደሚጎዳ ያለ ተቆጪ ይገባኝ ነበር። እንዲህ ያደገ ልጅ ከመሞከሩ በፊት ማስላትን ይለምዳል። ልምዱ ጠቃሚ ነው፤ ችግሩ ስሌቱ ዋጋው ከረከሰ በኋላም አለመቆሙ ነው።

በልጆች ትዕግሥት ላይ የተደረጉትን ጥናቶች ሳነብ ይህ ሐሳብ ይበልጥ ገዛኝ። ዋልተር ሚሼል የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሕፃናትን ጣፋጭ ፊታቸው እያስቀመጠ፣ ተመልሼ እስክመጣ ካልበላችሁት ሁለት ትወስዳላችሁ እያለ ይፈትናቸው ነበር። ከዓመታት በኋላ ረዘም ላለ ጊዜ የታገሡት በትምህርታቸው ተሽለው በመገኘታቸው፣ ራስን መግዛት የስኬት ቁልፍ ነው የሚለው ወሬ በዓለም ናኘ፤ ድሃ ድሃ የሆነው መታገሥ ስላቃተው ነው ለሚሉትም ጥሩ መከራከሪያ ሆነ። በ2013 እ.ኤ.አ. ሰለስት ኪድ የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ በአሜሪካው ሮቼስተር ዩኒቨርሲቲ ያሳተሙት ጥናት ግን ነገሩን ከሌላ በኩል አሳየ። ከጣፋጩ ፈተና በፊት ለ14 ልጆች የተሻለ የሥዕል ቀለም እናመጣላችኋለን ብለው አመጡላቸው፤ ለሌሎች 14 ልጆች ተመሳሳይ ቃል ከገቡ በኋላ ይቅርታ፣ የለንም ብለው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ከዚያ ጣፋጩ ሲቀርብ ቃል የተጠበቀላቸው በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ታገሡ፤ ከ14ቱም 9ኙ የተወሰነውን 15 ደቂቃ እስከ መጨረሻው ጠበቁ። ቃል የታጠፈባቸው ግን በአማካይ የቆዩት 3 ደቂቃ ያህል ሲሆን እስከ መጨረሻው የጠበቀው 1 ልጅ ብቻ ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከ900 በላይ ልጆችን ያካተተ ሌላ ጥናት የትዕግሥትና የኋለኛው ውጤት ግንኙነት ቀድሞ ከተነገረው በግማሽ ያነሰ መሆኑን፣ የቤተሰቡ ኑሮ፣ የቤቱ ሁኔታና የልጁ የቀድሞ ችሎታ ከግምት ሲገቡ ከቀረውም ሁለት ሦስተኛው እንደሚጠፋ አሳየ።

ይህን ሳነብ አባቴ ትዝ አለኝ። አባቴ ውሸታም አልነበረም። በሚቀጥለው ወር እገዛልሃለሁ ሲለኝ ከልቡ ነበር፤ የሚቀጥለው ወር ግን የራሱን ጣጣ ይዞ ይመጣል። ቃሉን የሚያጥፈው ኑሮ ሆኖ ሳለ ቃል አጣፊ የሚመስለው አባት ነው። በእንዲህ ዓይነት ቤት እጁ የገባውን ወዲያውኑ የሚጨርስ ልጅ ትዕግሥት የለሽ አይደለም፤ ነገ የሚባለው ነገር ምን ያህል እንደሚታመን ከማንም በተሻለ ያውቃል። ባለቤቴ ነገ ላይ ያላት እምነትም በጎ ከመሆኗ ብቻ የመጣ አይደለም፤ በልጅነቷ ነገ የተባለው ሁሉ በማግሥቱ ይመጣ ነበር።

ችግር ብልሃትን ይወልዳል የሚለውን ግን ሙሉ በሙሉ ልክደው አልችልም፤ እህቴ አለችና። ሁለታችን ያደግነው በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ እጦት ውስጥ ነው። አባቴ ሥራ ባጣበት ዘመን እሷ በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ነበረች፤ የሌሎች ሰዎችን ልጆች እያስጠናች የምታገኘውን ገንዘብ ለእናቴ ትሰጥ ነበር። እኔ ገና ሕፃን ስለነበርኩ ከጭንቀቱ በቀር የምካፈለው ነገር አልነበረኝም። ዛሬ እህቴ መላ አይጠፋም ብላ ነገር የምትጀምር ሰው ናት። እኔ መላው ቢጠፋስ ብዬ የምጀምር ነኝ።

ይህ የእኛ ቤት አጋጣሚ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ግሌን ኤልደር የተባለው አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር በ1974 እ.ኤ.አ. ያሳተመውንና ከዚያ በኋላ የቀጠለበትን ጥናት እስካገኝ ድረስ። ኤልደር በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካን ከመታው ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት በፊት የተወለዱ ሁለት የካሊፎርኒያ ልጆች ስብስቦችን አነጻጸረ። በ1920 እና በ1921 እ.ኤ.አ. የተወለዱት የኦክላንድ ልጆች ድቀቱ በቆየባቸው ዓመታት ለአሥራዎቹ ዕድሜ ደርሰው ነበር፤ ቤታቸው በተጎዳ ጊዜ ወንዶቹ ተቀጥረው ገንዘብ አመጡ፣ ሴቶቹ የቤቱን ሥራ ተሸከሙ፤ ብዙዎቹም ራሳቸውን የቻሉ አዋቂዎች ሆኑ። በ1928 እና በ1929 እ.ኤ.አ. የተወለዱት የበርክሌይ ልጆች ግን በዚያ ዘመን ገና ሕፃናት ስለነበሩ ቤቱን መርዳት አልቻሉም፤ በተለይ ከተጎዱት ቤተሰቦች የወጡት ወንዶች ልጆች ለአቅመ ጉርምስና ሲደርሱ ተስፋቸውም በራሳቸው ላይ ያላቸው እምነትም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ የምረዳው እጦት በራሱ ማንንም እንደማያጠነክር ነው። የሚያጠነክረው በእጦቱ ውስጥ የልጁ እጅ አንድ ነገር መለወጡን ማየቱ ነው። እህቴ ያመጣችው ገንዘብ ወደ ቤት ገብቶ ሲሠራ አይታለች። በሌላ በኩል ያን ጊዜ ስለ ተወችው ጨዋታና ስለ ዘገየው ትምህርቷ ማንም ጠይቋት አያውቅም፤ ጠንካራ የተባለ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ አይቀርብለትም።

የእኔ ራስን መቻል ከእሷ የተለየ ነው፤ ባብዛኛው አለመጠየቅ ነው። በልጅነቴ አንድ ነገር ስጡኝ ማለት ወላጆቼን የለንም ከማለት ኀፍረት ፊት ማቆም ስለነበረ፣ የሚያስፈልገኝን ነገር ከራሴም ጭምር መደበቅን ተማርኩ። ሰዎች ይህን ጨዋነት ብለው አመሰገኑት። ስለዚህም ይሉኝታው እያደገ ሄዶ ትምህርት ቤት ውስጥ ያልገባኝን መምህሩን ከመጠየቅ ይልቅ ሌሊቱን ሙሉ ብቻዬን መታገልን፣ ሥራ ቦታም ቀን ይጨመርልኝ ከማለት ይልቅ ሰንበቴን መሠዋትን አስለመደኝ። አለቆች እንዲህ ያለውን ሠራተኛ ይወዱታል፤ ሲያሳድጉ ግን የሚያሳድጉት የጠየቀውን ነው።

ባለቤቴ መጠየቅን የተማረችው ሌላ ቦታ ነው። አኔት ላሮ የተባለችው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር በ2003 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው የአሜሪካ ቤተሰቦች ጥናት ይህን ከሥሩ ያሳያል። ደህና ኑሮ ያላቸው ወላጆች ልጃቸውን ወደ ሐኪም ሲወስዱ በመንገድ ላይ ሐኪሙን የምትጠይቀውን ነገር አዘጋጅ ይሉታል፤ ልጁም ትልቅ ሰው ፊት ተቀምጦ ስለ ራሱ መናገርን፣ ሕግና ደንብ ለእሱም ጉዳይ ሊመቻች እንደሚችል ማመንን ይለምዳል። በሠራተኛውና በድሃው ቤት ግን ወላጆቹ ራሳቸው በባለሙያ ፊት ዝም ስለሚሉ ልጁም ዝምታውን ይወርሳል። ባለቤቴ ሥራዋን በራሴ ጀመርኩ ትላለች፤ ደግሞም ለፍታለች። ይሁን እንጂ መነሻ ገንዘቡ ከአባቷ በብድር የመጣ ነው፣ ውሉን ያረቀቀላት አጎቷ ነው፣ የመጀመሪያዋ ደንበኛም የእናቷ ጓደኛ ነበረች። ይህን ያነሳሁባት ለመውቀስ አልነበረም፤ እሷም አልተቀየመችም። እነዚህ ሰዎች ባይኖሩ ምን ታደርጊ ነበር ስላት ሌሎች ሰዎችን እጠይቅ ነበር አለችኝ። እኔ ከማንም ምንም አልተበደርኩም፤ ነገር ግን የጀመርኩት የራሴ ሥራም የለም። ከሁለታችን ራሱን የቻለው ማን ነው ቢሉኝ በቀላሉ አልመልስም።

ገንዘብ ማጣት አእምሮንም ይይዛል። በ2013 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነ ጥናት በሕንድ ታሚል ናዱ የሚኖሩ 464 የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎች ከምርት በፊት እጃቸው ባዶ ሳለና ምርቱን ሸጠው ገንዘብ ካገኙ በኋላ የማሰብ ፈተና ተሰጥቷቸው ነበር። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ ከምርት በፊት ግን ውጤታቸው ዝቅ ያለ ነበር። የእናቴን መርሳት፣ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ እየነገርነው የማይሰማ የሚመስለውን አባቴን አሁን በሌላ ዓይን አያቸዋለሁ።

ለሀብታም ልጅ ማዘን አይቀናኝም፤ እውነቱን መናገር ግን ይገባል። ባለቤቴ አንድ ማታ እንደነገረችኝ፣ በትምህርቷ አንደኛ በወጣች ጊዜ እንኳ አስጠኚዎቿ ናቸው የሚል ድምፅ ከጀርባዋ ትሰማ ነበር፤ ኋላም ድምፁ የራሷ ሆነ። የሠራችው ሁሉ የአባቷ ስም ጥላ ስለሚያርፍበት፣ ያለ እሱ ምን ያህል እንደምታወጣ የምትለካበት ነገር አልነበራትም። ሥራዋን ልቀቅ ያለችው በከፊል ይህን ለማወቅ ነው፤ የሚያስገርመው ይህንኑ ለማወቅም የአባቷ ብድር አስፈልጓታል። በሌላ ቤት ያየሁት ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ጥፋቱ ሁሉ ወዲያው በገንዘብ ስለሚሸፈንለት የሠራው ነገር ምን እንዳስከተለ ሳያይ ለአካለ መጠን የደረሰ ወጣት አውቃለሁ። እንዲህ ላለው ሰው ስህተት ምንም ዋጋ የለውም፤ ምንም ካላስከፈለው ስህተት ደግሞ የሚማረው ነገር የለም። እኔ በውድ ዋጋ ምክንያት መሞከርን ፈራሁ፤ እሱ ስህተት ምንም ስለማያስከፍለው መሞከር ምን እንደሆነ አላወቀም።

አሁን ኑሯችን ደህና ነው። ገንዘቡ ሲመጣ አመለካከቱም አብሮ ይለወጣል ብሎ የሚያስብ ሰው በችግር ያላደገ መሆን አለበት። ዕቃ ስገዛ ከጥራቱ በፊት ስንት ዓመት እንደሚያገለግል አስባለሁ፤ ያረጀውንም አልጥልም። ጥሪቴን እየደጋገምኩ እቆጥራለሁ። ባለቤቴ ለሰው ስትሰጥ ከተረፈው ትሰጣለች፤ እኔ ስሰጥ ከመጠባበቂያው የቀነስኩ ይመስለኛል፤ ሆኖም አንድ ሰው ቸግሮኛል ሲል ከእሷ ቀድሜ የሚገባኝ እኔ ነኝ፤ ቸግሮኛል ለማለት ምን ያህል እንደተገደደ አውቃለሁና።

እነዚህ ሁሉ ልዩነቶች ዛሬ የሚገናኙት በልጃችን ላይ ነው። በዚህ ሳምንት ሒሳብ አልገባኝም ብላ መጣች። ባለቤቴ ነገ መምህሯን ጠይቂ አለቻት፤ እኔ ደግሞ መጀመሪያ እስኪ ራስሽ ሞክሪ አልኳት፤ ልጅቷም ሁለታችንን እያፈራረቀች ተመለከተች። ኋላ ተነጋግረን የተስማማነው መጀመሪያ ራሷ እንድትሞክር፣ ከዚያ የቱ ጋ እንደቆመች ጽፋ ለመምህሯ እንድታሳይ ነው። እስካሁን ያልተስማማነው ስንት ጊዜ ከሞከረች በኋላ ትጠይቅ በሚለው ላይ ነው። ባለቤቴ አንዴ ይበቃል ትላለች፤ እኔ እንዲበዛ እፈልጋለሁ፤ ይህ ፍላጎቴ ለልጅቷ ከማሰብ ይምጣ ከእናቴ ቤት ይምጣ መለየት ያስቸግረኛል። ለጊዜው ቁጥሩን ልጅቷ ራሷ እንድትወስን ትተንላታል።