የድሮውን ፕሮግራም የማይከዳ ላይብረሪ

ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አንድ ቢሮ ሰርቨር ላይ ፕሮግራም ልንጭን ሄደን ነበር። ስናስነሳው እምቢ አለ። «ጂሊብሲ 2.34 አልተገኘም» የሚል አንድ መስመር ብቻ። ጂሊብሲ ሊኑክስ ላይ ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት መሠረታዊ ላይብረሪ፣ ማለትም የተዘጋጁ ፈንክሽኖች ስብስብ ነው። አብሮኝ የነበረው ልጅ «ጋሼ፣ ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆን እንዴ?» አለኝ።

ፋይሉ ደህና ነው። ኮምፓይል የተደረገው፣ ማለትም ከሶርስ ኮድ ወደሚሠራ ፕሮግራም የተቀየረው፣ ኡቡንቱ 22.04 በሚባለው ሊኑክስ ላይ ነው፤ የእሱ ጂሊብሲ 2.35 ነው። ሰርቨሩ ደግሞ 20.04፣ ጂሊብሲው 2.31። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው 2.34 ፕሮግራም የሚያስነሳውን ፈንክሽን ሳይቀር አዲስ የቨርዥን ምልክት ለጥፎበታል። ፕሮግራሙን ሲነሳ ከላይብረሪው ጋር የሚያገናኘው ሊንከር ምልክቱን ሲያጣ ከበሩ መለሰው።

እኔ ይሄን አሠራር ከልቤ ነው የምወደው። አንድ ላይብረሪ ውስጥ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ፈንክሽኖች በቨርዥን ምልክት ተለይተው አብረው ይኖራሉ። ሜሞሪ የሚገለብጠውን ፈንክሽን፣ ሜምኮፒን ውሰዱ። አንዳንድ ፕሮግራሞች ደንቡ ባይፈቅድም የተደራረበ ሜሞሪ ይገለብጡበት ነበር። ፈጣኑ ሜምኮፒ ሲመጣ ጉድ ፈላ። ከ2.14 ጀምሮ ግን ባለ 64 ቢት ኢንቴል ላይ ሁለት ሆነ። የድሮውን ምልክት፣ 2.2.5ን፣ የያዘ ፕሮግራም የተደራረበ ሜሞሪም ቢሆን በትክክል የሚገለብጠውን ጥንቁቁን ሜምሙቭ ያገኛል። አዲስ የሚሠራው ፈጣኑን ያገኛል። ሶርስ ኮዱ የጠፋ ፕሮግራም እንኳ ሳይነካ ይሠራል። ይሄ ለሰው ማሰብ ነው!

ውለታው ግን ወደ ኋላ አይሠራም። አዲስ ፕሮግራም አሮጌ ላይብረሪ ላይ አይነሳም። ስለዚህ ልጁ 20.04 ኮንቴይነር (ለብቻው የተከለለ ሲስተም) ውስጥ እንደገና ኮምፓይል አደረገው። ኦብጅደምፕ በሚባለው የፕሮግራም ፋይል መመርመሪያ ምልክቶቹን አየን፤ ከ2.31 የሚበልጥ የለም። ጫንነው፣ ተነሳ።