የተጠማው ጠጠር

ጥር ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አሮጌ ቤት አፍርሰን በቦታው መጋዘን እንሠራ ነበር። ፍርስራሹን በሲኖትራክ ጭኖ መድፋት ገንዘብ ነው፤ ከካባ (ድንጋይ ከሚፈለጥበት ቦታ) ጠጠር ማስመጣትም ገንዘብ ነው። ስለዚህ ከድሮው ኮለን (ምሰሶ) እና ሶሌታ (የኮንክሪት ወለል) ፌሮውን አውጥተን ኮንክሪቱን አስፈጨነው። ከጠጠሩ 30 በመቶውን በእሱ እንተካ ያልኩት እኔ ነኝ። ለወለሉ ብቻ፤ ሸክም ለሚይዙት ለኮለንና ለቢም (አግዳሚው ተሸካሚ) አልደፈርኩም። ሐሳቡን ዛሬም አምንበታለሁ።

ከፍርስራሹ ጄሶውን ሁለት ቀን ሙሉ በእጅ አስለቀምን። ጄሶ ሰልፌት ነው፤ ከሲሚንቶ ጋር በዝቶ ከገባ ውሎ አድሮ ያብጥና ኮንክሪቱን ይሰነጥቀዋል። በዚህ በኩል ተጠንቅቄያለሁ። ያመለጠኝ ውኃው ነው።

የወለሉ ኮንክሪት ሙሌት እንደተጀመረ ነገሩ ግራ ገባኝ። ከሚክሰሩ ለስላሳ ሆኖ የወጣው ኮንክሪት በጋሪ ሄዶ ሲገለበጥ ድርቅ ይላል። ስላምፕ፣ ማለትም ኮንክሪቱ ቅርጹ ሲነሳለት ምን ያህል ዝቅ እንደሚል፣ ለካሁ፤ ለስላሳ ከሆነ ቁጥሩ ይበልጣል። ሚክሰሩ ሥር 8 ሴንቲ ሜትር፣ ወለሉ ጋ 3። ጠጠር የሚያቀብሉ አንዲት እናት ጠጋ አሉኝ።

«ኢንጅነር፣ ይሄ የፍርስራሹ ጠጠር ይጠጣል እኮ። ጠዋት እጄን ስታጠብ የፈሰሰበት ወዲያው ነው የደረቀው።»

«ፀሐዩ ነው እትዬ» ብዬ አለፍኩ። ከሰዓት ስብሰባ ተጠርቼ ሄድኩ። ልጆቹ ሥራው እንዳይቆም በጀሪካን ውኃ ይጨምሩ ጀመር። አልፈርድባቸውም፤ የደረቀ ኮንክሪት መደልደል ወገብ ይቆርጣል።

በ7ኛው ቀን ከከሰዓቱ ኮንክሪት ለጥንካሬ ሙከራ የቀዳነው ኪዩብ በማሽን ተሰበረ። ለሲ-25፣ ማለትም በ28ኛው ቀን 25 ሜጋ ፓስካል (የጥንካሬ መለኪያ) መድረስ ላለበት ኮንክሪት፣ በዚህ ቀን ወደ 16 ስጠብቅ 12 አለ። ስብርባሪውን አንስቼ ወደ ብርሃን አወጣሁት። የካባው ባዛልት ጥቁርና ድፍን ነው። አጠገቡ ያለው የድሮ ጠጠር ግን ግማሽ ጎኑ በአሮጌ ሲሚንቶና አሸዋ ተለብጧል፤ አንዱ ላይ አረንጓዴ የግድግዳ ቀለም ሳይቀር አለ። ውኃውን እንደ ስፖንጅ የሚመጠው ያ ልባስ ነው።

ቁጭ ብዬ አሰላሁት። እንዲህ ያለ ጠጠር ከክብደቱ 5 በመቶ ያህል ውኃ ቢጠጣ አይገርምም። ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ የምናስገባው 45 ኪሎ ያህል ስለነበር የጠጣው ከ2 ሊትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ጀሪካኑ ግን ሲፈስ በግምት ነው፤ ልጆቹን ስጠይቅ በየከረጢቱ እስከ 8 ሊትር ጨምረዋል። የተረፈው ውኃ ሲሚንቶውን አቀጠነው። እኔ ጠዋት ብሰማ ኖሮ ያ ሁሉ አይመጣም ነበር።

በ28ኛው ቀን የተሰበረው ኪዩብም አላዳነንም። የዚያን ከሰዓት ወለል አፈረስነው።

እትዬን ፈልጌ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ለሚቀጥለው ሙሌት ክምሩን በዋዜማው በውኃ ጎማ አጠጥተን ሸራ አልብሰን አሳደርነው። ጠዋት ሸራውን ገልጠው፣ እፍኝ ጠጠር ዘግነው፣ በመዳፋቸው እያሹ የላዩ ውኃ እስኪደርቅ ያስጠበቁን እሳቸው ናቸው። «አሁን ጠግቧል» ሲሉ ሚክሰሩ ተነሣ። ስላምፑ ሚክሰሩ ሥር 8፣ ወለሉ ጋ 7 ሆነ።