አፈሩ እርጥብ ነው፣ ቲማቲሙ ግን ይጠወልጋል

መቂ አካባቢ በሰብል ጥበቃ ባለሙያነት ስሠራ የገጠመኝ ነው። ቲማቲም የምታለሙ ካላችሁ በደንብ አንብቡት።

መሬት ተከራይተው በመስኖ የሚያለሙ አንድ ጋሼ ነበሩ። ቲማቲማቸው ጠዋት ደህና ይመስልና እኩለ ቀን ላይ ይጠወልጋል፣ ማታ ደግሞ ቀና ይላል። ውሃ አንሶት ነው ተብሎ ፓምፑ ሲሠራ ዋለ። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ማዳበሪያ ጎድሎት ነው ተባለና ዩሪያ ተጨመረ። ቀጥሎ የፈንገስ መድኃኒት ተገዝቶ ተረጨ። ይሄ ሁሉ ብር ነው፣ ያውም የብድር ብር።

ከባልደረባዬ ጋር ስንደርስ አፈሩ እርጥብ ነው። መጀመሪያ የጠረጠርነው ባክቴሪያ ነበር። ግንዱን ቆርጠን ጫፉን ንጹሕ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ነከርነው። ባክቴሪያ ቢሆን ኖሮ ከተቆረጠው ቦታ ነጭ ፈሳሽ እየተጎተተ ይወርድ ነበር። ምንም የለም።

ባልደረባዬ አካፋ ጠየቀች። «ሳብ ብታደርጊውስ ልጄ፣ ምን ያለፋሻል» አሏት። እሷ ግን ዙሪያውን ቆፍራ ከነአፈሩ አነሳችው። ልክ ነበረች፤ ሲጎተት ቀጫጭኑ ሥር ተበጥሶ አፈር ውስጥ ይቀራል፣ የምንፈልገው ደግሞ እሱን ነው። ባልዲ ውስጥ ስታጥበው ሥሩ እዚህም እዚያም አባብጦ ዝንጅብል መስሏል። ጋሼ አገላብጠው አዩትና «እና እስከዛሬ ቅጠሉን ነው ሳክም የኖርኩት?» አሉ።

የሥር ቋጠሮ ኔማቶድ የሚባል፣ አፈር ውስጥ የሚኖር ደቃቅ ትል ነው። ሲፈለፈል ርዝመቱ 0.4 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ በዓይን አይታይም። ሥር ውስጥ ገብቶ ሲመገብ ሥሩ ያብጥና የውሃ መተላለፊያው ይዛባል፣ ስለዚህ አፈሩ ቢርስም ተክሉ በጠራራ ፀሐይ ይጠማል። አንዷ እንስት በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች፤ በሞቃት አፈር ውስጥ ደግሞ አንድ ትውልድ ከ25 እስከ 30 ቀን ይበቃዋል። በአንድ የቲማቲም ወቅት ስንት ጊዜ እንደሚራባ አስቡት።

ከየት መጣ? ጋሼ ችግኝ የገዙት ከሁለት ሰው ነው። የአንደኛው ችግኝ የተተከለበት መስመር በሙሉ ጠውልጓል፣ አጠገቡ ያለው የሌላኛው ግን ለምለም ነው። ችግኙ ወደተነሳበት መደብ ሄደን የቀረውን ቆፈርን። ትንንሽ እብጠቶች አሉበት! ሻጩም አላወቀም፣ መደቡ ላይ በየዓመቱ ቲማቲም ነው የሚያፈላው።

ለዚያ ወቅት ብዙ የሚደረግ አልነበረም። የተገኘው ፍሬ ተለቀመ፣ ሥሩ ተቆፍሮ ወጥቶ ተቃጠለ። ጋሼ ቀጥለው ቃሪያ ሊተክሉ አስበው ነበር፣ እኛ ግን አጥብቀን ከለከልናቸው። ቃሪያም ያው የቲማቲም ዘመድ ነው፣ ይሄንኑ ትል ይቀልባል። ይልቅ በበጋው አርሰው አገላብጠው ፀሐይ አስመቱት። ኔማቶድ የሚቋቋም የቲማቲም ዝርያ አለ፤ ነገር ግን የአፈሩ ሙቀት ከ28 ዲግሪ ሲያልፍ መቋቋሙ ስለሚዳከም በቆላ መሬት እሱን ብቻ መተማመን አይቻልም።

አሁን ጋሼ ችግኝ የሚያፈሉት ራሳቸው ናቸው። መደቡን ውሃ ያጠጡና በሞቃቱ ወር ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይሸፍኑታል፤ ጠርዙን አየር እንዳይገባ በአፈር ይደፍኑታል። ለጎረቤት ሲሸጡም ገዢው ፊት ጥቂት ችግኝ ነቅለው፣ ሥሩን አጥበው ያሳያሉ።